ሰማይ ሲታረስ

(የመግቢያ ሙዚቃ ከፍ ብሎ ይሰማል፤ ቀስ በቀስ ይቀንሳል።)

  

የዛሬው ርዕሳችን መልካም አስተዳደር ነው። ኧረ ቆዩ፣ ጣቢያ አትቀይሩ! አውቃለሁ፤ ቃሉ ስብሰባ ስብሰባ ይላል። ሲጠራ ትዝ የሚለን የታሸገ ውሃ፣ አዳራሽ ውስጥ የተሰቀለ ባነር፣ ከምሳ በኋላ የሚያንቀላፋ ተሰብሳቢ ነው። እኔ ግን ወደ አዳራሽ አልወስዳችሁም። የምጀምረው ከእድር ነው።

በሰፈራችን የእድር ስብሰባ የሚደረገው እሁድ ጠዋት ነው። ዳኛው መሀል ይቀመጣሉ፤ ጸሐፊው መዝገቡን ገልጦ የገባውንና የወጣውን ያነባል። ከዓመታት በፊት በአንዱ እሁድ ጸሐፊው «ለድንኳን ማሳደሻ» ብሎ አንድ ቁጥር ጠራና ወደሚቀጥለው መስመር ሊያልፍ ሲል፣ ከኋላ አግዳሚ ላይ አንዲት ባልቴት እጃቸውን አነሱ። ፊደል አልቆጠሩም፤ ዕድሜያቸውን ሙሉ ግን ጉልት ተቀምጠው ነግደዋል።

«የኔ ልጅ፣ እስቲ እሷን ድገምልኝ።»

ደገመላቸው።

«ድንኳኑ የተቀደደው በአንድ ጎኑ ነው። ይኼ ሁሉ ብር የስንት ሜትር ሸራ ነው?»

«እማማ፣ ደረሰኝ አለው እኮ።»

«ይኑረዋ! ካለው አሳየና።»

ደረሰኙ ከመዝገቡ መሀል ወጣ፤ ከእጅ ወደ እጅ ዞረ። ለካስ ሸራው የተገዛው ለሁለት ድንኳን ኖሯል፤ ጸሐፊው ሁለተኛውን ሳይጠራው ዘሎት ነው። የጎደለ ሳንቲም አልነበረም። እማማም «ተባረክ፤ አሁን ገባኝ» ብለው ነጠላቸውን አጣፍተው ተቀመጡ። ጸሐፊው አልተቀየማቸውም፤ ዳኛውም «እኝህ ሴትዮ ምን አግብቷቸው» አላሉም።

አድማጮቼ፣ መልካም አስተዳደር ተብሎ በየአዳራሹ የሚሰበከው ነገር ተጨምቆ ሲወጣ ይኼው ነው። ሒሳቡ በሰው ፊት ይነበባል። ማንበብ የማይችል ሰው እንኳ ይጠይቃል። የተጠየቀው ይመልሳል። የጠየቀውም በሰላም ወደ ቤቱ ይገባል።

የሚገርመኝ ታዲያ ምን መሰላችሁ? እኛው፣ ከእድሩ ግቢ ወጥተን ስለ መንግሥት ማውራት ስንጀምር ንግግራችን ይለወጣል። ሹም ሲሰርቅ «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» እንላለን። ሲበድል «ዝም አይነቅዝም» ብለን አንዳችን ሌላችንን እንመክራለን። ተው የሚለው ሲጠፋ ደግሞ «ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ» ብለን ነገሩን እንዘጋዋለን። ሦስት ተረቶች ናቸው። የመጀመሪያው ሌብነትን፣ ሁለተኛው ፍርሃትን፣ ሦስተኛው ተስፋ መቁረጥን የተፈጥሮ ሕግ ያስመስላሉ።

ዛሬ እነዚህን ሦስት ተረቶች ይዘን ሦስት የአፍሪካ አገሮችን እንጎበኛለን፤ ኡጋንዳን፣ ቦትስዋናን እና ማላዊን። ተረቶቹ እውነት መሆን አለመሆናቸውን እዚያ እንፈትናቸዋለን። አንድ ነገር ላሳስብ፤ የምጠራቸው ዓመተ ምሕረቶች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

(አጭር ሙዚቃ)

መጀመሪያ ኡጋንዳ። ተረቱ «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» ነው።

በ1990ዎቹ መጀመሪያ የኡጋንዳ መንግሥት ለመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤቶች በተማሪ ቁጥር ልክ ገንዘብ ይመድብ ነበር። ይህ ከመምህራን ደመወዝ ውጪ ያለ፣ ለመጽሐፍና ለጠመኔ፣ ለመሳሰለውም ወጪ የሚውል ድጎማ ነው። ገንዘቡ ከዋና ከተማዋ ከካምፓላ ይነሣል፤ በአውራጃ መስተዳድሮች በኩል ያልፋል፤ ከዚያ ወደ ትምህርት ቤቱ ይደርሳል። ይደርሳል መባሉ ነው እንግዲህ። ካምፓላ ባለው መዝገብ ላይ ገንዘቡ ወጥቷል፤ ተፈርሞበታል፤ ማኅተም አርፎበታል።

አጥኚዎች ግን በመዝገቡ አልረኩም። ወደ 250 ያህል ትምህርት ቤቶች ወርደው ርእሰ መምህራኑን «እናንተስ ጋ ስንት ደረሰ?» ብለው ጠየቁ። ከ1991 እስከ 1995 ያለውን ሒሳብ ከላይ ከወጣው ጋር ሲያስተያዩት፣ ለትምህርት ቤቶቹ ከታሰበው ገንዘብ በአማካይ የደረሰው 13 በመቶው ብቻ ሆኖ ተገኘ። ከ100 ሽልንግ 13ቱ ማለት ነው። እሱም አማካዩ ነው፤ አብዛኞቹ ትምህርት ቤቶች ቤሳ አልደረሳቸውም። ቀሪው መንገድ ላይ፣ በአውራጃ ቢሮዎች ውስጥ ቀልጧል። ከፊሉ ኪስ ገባ፤ ከፊሉ ለሌላ የቢሮ ወጪና ለፖለቲካ ጉዳይ ዋለ። ጉድለቱን የሚሞላው ማን ነበር? ወላጅ። አርሶ አደሩ ሙዙን ሽጦ፣ መንግሥት አንዴ የከፈለለትን ጠመኔ ዳግመኛ ይገዛ ነበር።

ጥናቱ ያሳየው ሌላም ነገር አለ፤ እኔ ትልቁ ትምህርት እሱ ይመስለኛል። ገንዘቡን ሁሉም እኩል አልተነፈጉም። ሻል ያለ ኑሮ ያላቸው ወላጆች ልጆቻቸውን የሚያስተምሩባቸው ትምህርት ቤቶች የተሻለ ደርሷቸዋል። ምክንያቱ ሩቅ አይደለም፤ ቢሮ ድረስ ሄዶ ጠረጴዛ የሚደበድብ ሰው ነበራቸው። ድሃው ወላጅ ግን ገንዘቡ መላኩንም አያውቅ። የማታውቀውን ገንዘብ ደግሞ እንዴት ብለህ ትጠይቃለህ?

እና ምን ተደረገ? ብዙ ሰው የሚጠብቀው ዘመቻ ነው፤ እስር፣ ግምገማ፣ አዲስ ኮሚሽን። የኡጋንዳ መንግሥት ያደረገው ከዚህ ሁሉ የቀለለ ነገር ነው። በየወሩ ለየትኛው አውራጃ ስንት ሽልንግ እንደተላከ በጋዜጣ አወጣ፤ እንደኛ ባሉ ሬዲዮ ጣቢያዎችም አስነገረ። ትምህርት ቤቶችም የደረሳቸውን ገንዘብ ወላጅ በሚያየው ቦታ እንዲለጥፉ አዘዘ። በቃ። አንድ ወረቀትና አራት ሚስማር።

በ2001 ትምህርት ቤቶቹ ከሚገባቸው ገንዘብ 80 በመቶ ያህሉን ማግኘት ጀመሩ። ጋዜጣ በቅርብ የሚሸጥባቸው ትምህርት ቤቶች፣ ጋዜጣ ከማይደርስባቸው ይልቅ ፈጥነው ተሻሽለው ነበር። እርግጥ ወረቀቱ ብቻውን ተአምር አልሠራም፤ በዚያው ሰሞን የተደረጉ ሌሎች የፋይናንስ ማሻሻያዎችም አግዘዋል የሚሉ ባለሙያዎች አሉ፤ ትክክል ናቸው። ቢሆንም አስቡት፤ የአውራጃው ሹማምንት በአንድ ሌሊት ጻድቅ አልሆኑም። የሰው ልብ አልተለወጠም፤ የተለወጠው የሰው ዓይን ነው። «ሲሾም ያልበላ ይቆጨዋል» የሚለው ተረት የሚሠራው ሳህኑ በጨለማ ሲቀርብ ነው። መብራት ሲበራ አብዛኛው ሰው እጁን ይሰበስባል።

ከኡጋንዳ ሳንወጣ አንድ ነገር ልጨምር፤ ታሪኩ ማር ብቻ እንዳይሆን። ይህችው አገር በ2005 የፕሬዚዳንትን የሥልጣን ዘመን ገደብ ከሕገ መንግሥቷ አወጣች፤ በ2017 ደግሞ የ75 ዓመቱን የዕድሜ ጣሪያ አነሣች። ፕሬዚዳንቷ ከ1986 ጀምሮ በመንበራቸው ናቸው። የጠመኔው ሒሳብ ግድግዳ ላይ ተለጠፈ፤ የመንበሩ ሒሳብ ግን አልተዘጋም። አንዱን በር ከፍተው ሌላውን የዘጉ አገሮች ብዙ ናቸውና፣ መልካም አስተዳደር አንዴ ደርሰንበት የምናርፍበት ጣቢያ አለመሆኑን ልብ እንበል።

(አጭር ሙዚቃ)

ሁለተኛዋ አገራችን ቦትስዋና ናት። ተረቱ «ዝም አይነቅዝም» ይላል።

ቦትስዋና ነጻነቷን ያገኘችው መስከረም 30 ቀን 1966 ነው። አብዛኛው መሬቷ የካላሃሪ በረሃ ነው። ወደብ የላትም። ያን ጊዜ በአገሪቱ የነበረው የአስፋልት መንገድ 12 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ነበር፤ ከዩኒቨርሲቲ የተመረቁ ዜጎቿም ከሁለት ደርዘን አይበልጡም ነበር። ነጻነቷም በድርቅ መሀል ነው የመጣው። ዛሬ የገንዘቧ ስም «ፑላ» ነው፤ ትርጉሙ ዝናብ ማለት ነው። ዝናብ የሚጠብቅ ሕዝብ ለብሩ ምን ስም እንደሚያወጣ እኛ አይጠፋንም።

በነጻነቱ ማግሥት፣ በ1967፣ ኦራፓ በሚባል ቦታ አልማዝ ተገኘ። ስለ አልማዝ ስናወራ አንጎላንና ሴራሊዮንን እናስታውሳለን፤ እዚያ አልማዙ ጦር መሣሪያ ገዝቷል። ቦትስዋና ለምን ከዚያ ዳነች?

አልማዙ የተገኘው ባማንግዋቶ በሚባለው ጎሳ ምድር ነው። የመጀመሪያው ፕሬዚዳንት ሴሬትሴ ካማ ደግሞ የዚያው ጎሳ የባላባትነት ወራሽ ነበሩ። ሰውዬው «ያገሬ ልጆች፣ እድላችን ወጣ!» ሊሉ ይችሉ ነበር። ነገሩ የሆነው ግን በተቃራኒው ነው። ከመሬት በታች ያለ ሀብት የየጎሳው መሆኑ ቀርቶ የመላው አገር እንዲሆን በሕግ ተደነገገ። በ1975 ደግሞ አልማዙን ከሚያወጣው ኩባንያ ጋር እንደገና ተደራድረው፣ በ15 በመቶ የጀመረውን የመንግሥት ድርሻ ወደ 50 በመቶ አሳደጉት። ሀብቱ ወደ መንገድ፣ ወደ ትምህርት ቤትና ወደ ጤና ጣቢያ ሄደ። መንግሥት የልማት ገንዘብ የሚያወጣው ፓርላማ ባጸደቀው ዕቅድ መሠረት ነው፤ ሚኒስትሩ አንድ ማለዳ ተነሥቶ ያማረውን የሚገነባበት አሠራር የለም።

ይህ ልማድ ከየት መጣ? አንዱ ሥሩ «ኮትላ» ነው። ኮትላ በየመንደሩ፣ በባላባቱ ደጅ፣ ወፋፍራም ግንድ በግማሽ ክብ ተተክሎ የታጠረ የስብሰባ ቦታ ነው። ሰዉ በርጩማውን ይዞ ይመጣል። ባላባቱ ጉዳዩን ያነሣል፤ ከዚያ ዝም ብሎ ያዳምጣል። ድሃውም ሀብታሙም፣ የተሳሳተውም ሳይቀር ይናገራል። ባላባቱ የሚናገረው በመጨረሻ ነው፤ ሲናገርም የሰማውን አጠቃሎ ነው። በአገሩ ቋንቋ በሴትስዋና «ንጉሥ ንጉሥ የሆነው በሕዝቡ ነው» የሚል ተረት አለ። ከኛው «ንጉሥ አይከሰስ» ጋር ጎን ለጎን አስቀምጡትማ! ዛሬም የቦትስዋና ሚኒስትሮች አዲስ ጉዳይ ሲያስቡ ወደ ኮትላ ሄደው ፀሐይ ላይ ተቀምጠው ይሰማሉ፤ ይሰደባሉም።

ኮትላን ግን ገነት አናድርገው። በድሮው ሥርዓት ሴቶች በኮትላ እንደ ወንዶቹ አይናገሩም ነበር። ሳን የሚባሉት የካላሃሪ ጥንታዊ ነዋሪዎችም ከመሬታቸው ተነሥተዋል፤ በ2006 የአገሪቱ ከፍተኛ ፍርድ ቤት መነሣታቸው ሕገ ወጥ ነው ብሎ ፈርዶላቸዋል። መደማመጥ ማንን እንደሚያካትት መጠየቅ የመደማመጡ አካል ነው።

አሁን ወደ አንዲት ላም ልውሰዳችሁ። በ1970ዎቹ አጋማሽ ቦትስዋና ከሌሴቶና ከስዋዚላንድ ጋር በጋራ የምታስተዳድረው ዩኒቨርሲቲ ፈረሰባት፤ ሌሴቶ ጥላ ወጣች። የራስን ዩኒቨርሲቲ ለመሥራት በ1976 ለሕዝቡ ጥሪ ተደረገ፤ «ሰው ሁሉ አንድ ከብት» ተባለ። ላም ያለው ላም ነዳ፤ ከብት የሌለው እህል ሰፈረ፤ ዶሮና ሳንቲም ያመጣም ነበረ። ዛሬ በጋቦሮኒው ዩኒቨርሲቲ ግቢ ላም የሚነዳ ሰው ሐውልት ቆሟል። እዚህ ጋ እድራችንን አስታውሱ። ላሙን የሰጠ ሰው «ላሜ የት ደረሰች?» ብሎ ይጠይቃል። የሕዝብ ገንዘብ «የመንግሥት» ሲባል ባለቤት አልባ ይሆናል፤ «ላሜ» ሲባል ጠያቂ ያገኛል። ግብር የሚከፍል ሁሉ፣ ሳሙና ሲገዛ ቫት የሚከፍለውም ጭምር፣ ላሙን ነድቷል።

መሪስ ዝምታን እንዴት ይሰብራል? በ2000 ገደማ ቦትስዋና በኤችአይቪ ክፉኛ ተመታች። በጊዜው ግምት፣ ከሦስት ጎልማሶች ከአንድ የማያንሰው ቫይረሱ በደሙ ነበረበት። በየአገሩ መሪዎች ጉዳዩን በሹክሹክታ በሚያልፉበት በዚያን ጊዜ፣ ፕሬዚዳንት ፌስተስ ሞጋይ ሕዝባቸው የመጥፋት አደጋ እንደተጋረጠበት ለዓለም በግልጽ ተናገሩ። በ2002 መድኃኒቱን በነጻ የሚያድል አገር አቀፍ ፕሮግራም ተጀመረ፤ በአፍሪካ ከመጀመሪያዎቹ አንዱ ነበር። «ዝም አይነቅዝም» ያለ መሪ ቢሆን ኖሮ፣ ዝምታው ሳይሆን ሰዉ ነበር የሚነቅዘው።

ሞጋይ በሕግ የተፈቀደላቸውን 10 ዓመት ሲጨርሱ በ2008 መንበሩን አስረክበው ወጡ። በዚያው ዓመት ትውልደ ሱዳናዊው የቴሌኮም ባለሀብት ሞ ኢብራሂም ያቋቋሙትን የአፍሪካ የአመራር ሽልማት ተቀበሉ። ይህ ሽልማት 5 ሚሊዮን ዶላር ነው፤ ለሚያሸንፍ መሪ ሳይሆን፣ በሚገባ መርቶ በሕጉ ቀን ለሚወርድ መሪ ይሰጣል። የኛን ተረት ገልብጦ የተሰፋ ሽልማት ነው ማለት ይቻላል፤ «ሲሾም ያልበላ፣ ሲወርድ ይሸለማል»። የሚያሳዝነው፣ ሸላሚዎቹ ተሸላሚ አጥተው ያለፏቸው ዓመታት ከሸለሙባቸው ይበልጣሉ።

በጥቅምት 2024 ደግሞ ቦትስዋና ከባዱን ፈተና ተፈተነች። ከነጻነት ጀምሮ ለ58 ዓመታት የገዛው ፓርቲ በምርጫ ተሸነፈ። የአልማዝ ገበያ ቀዝቅዞ፣ ወጣቱ ሥራ አጥቶ ነበር። ፕሬዚዳንት ሞክዌትሲ ማሲሲ የቆጠራው የመጨረሻ ውጤት እስኪታወጅ እንኳ አልጠበቁም፤ ለተቀናቃኛቸው ለዱማ ቦኮ ስልክ ደውለው «እንኳን ደስ አለህ» አሉ። የ58 ዓመት ሥልጣን በአንድ የስልክ ጥሪ ተላለፈ። አንዲት ጥይት አልተተኮሰችም።

(አጭር ሙዚቃ)

አሁን ሦስተኛው ተረት፤ እሱ ነው ከባዱ። «ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ።» አገሩ ማላዊ ነው።

በግንቦት 2019 ማላዊ የፕሬዚዳንት ምርጫ አካሄደች። በሥልጣን ላይ የነበሩት ፒተር ሙታሪካ 38 በመቶ በሚሆን ድምፅ አሸነፉ ተባለ። የተቃዋሚው ዕጩ ላዛረስ ቻክዌራ 35 በመቶ ያህል አገኙ። ከዚያ የድምፅ መቁጠሪያ ቅጾቹ ሲታዩ ቁጥሮች ላይ ነጭ ቀለም ተቀብቶባቸው ተገኘ። ያ ቢሮ ውስጥ በእስክሪብቶ የተሳሳትነውን የምናጠፋበት፣ በትንሽ ጠርሙስ ያለው ነጭ ማጥፊያ! በላዩ ሌላ ቁጥር ተጽፎበታል። ሕዝቡም ምርጫውን በማጥፊያው ስም ጠራው።

ሰዉ አደባባይ ወጣ፤ ለወራትም ተመላለሰ። ቻክዌራና ሌላው ዕጩ ሳውሎስ ቺሊማ ግን ጉዳዩን ወደ ፍርድ ቤት ወሰዱት። አምስት ዳኞች ተሰየሙ። ችሎቱ በሬዲዮ በቀጥታ ይተላለፍ ነበር። አድማጮቼ፣ እስቲ አስቡት፤ አርሶ አደሩ ማሳው ዳር፣ ሴትዮዋ ገበያ ውስጥ፣ ሾፌሩ መኪናው ውስጥ፣ የሕግ ክርክር እንደ እግር ኳስ ጨዋታ ያዳምጣሉ። ምስክሩ ሲንተባተብ የመንደሩ ሰው ይሰማል። የፍርድ ቤቱ ደጃፍ በየሰዉ ቤት ሆነ ማለት ነው።

መሀል ላይ ጉቦ መጣ። አንድ የባንክ ባለሀብት ዳኞቹን በገንዘብ ለመግዛት ሞከረ። ነገሩ ግን እዚያው ተድበስብሶ አልቀረም፤ ለፀረ ሙስና ቢሮ ተመለከተ። ሰውየው ተከሶ በ2021 ጥፋተኛ ተባለ። «ሲሾም ያልበላ» የሚለውን ተረት ዳኞቹ እምቢ አሉት።

የካቲት 3 ቀን 2020 ዳኞቹ በወታደር ታጅበው ወደ ችሎቱ ገቡ። ፍርዱ 500 ገጽ ያህል ነበር፤ ንባቡ 10 ሰዓት ገደማ ፈጀ። በመጨረሻም ምርጫው ተሰርዟል፣ እንደገና ይካሄድ፣ አሸናፊውም ከግማሽ በላይ ድምፅ ያግኝ ተባለ። ከዚያ በፊት በአፍሪካ የፕሬዚዳንት ምርጫን የሰረዘው የኬንያ ፍርድ ቤት ነበር፤ በ2017። ኬንያ ላይ በድጋሚው ምርጫ ያሸነፉት ያው በሥልጣን ላይ የነበሩት ናቸው። ማላዊ ላይ ግን በሰኔ 2020 በተካሄደው ድጋሚ ምርጫ ላዛረስ ቻክዌራ ከ58 በመቶ በላይ አግኝተው አሸነፉ፤ ሙታሪካም ወረዱ። ንጉሥ ተከሰሰ። ሰማይም ታረሰ።

ታሪኩ እዚህ ቢያልቅ ተረት ይመስል ነበር፤ ግን አላለቀም። ቻክዌራ በፍርድ ቤት በር ገብተው ሥልጣን ያዙ እንጂ፣ የኑሮ ውድነቱንና የነዳጅ ወረፋውን አልፈቱትም። በመስከረም 2025 ምርጫ ሕዝቡ እሳቸውንም አወረዳቸው። ያሸነፏቸው ማን መሰሏችሁ? እነዚያው ፒተር ሙታሪካ! ቻክዌራ ሽንፈታቸውን ተቀብለው አስረከቡ። «ታዲያ ምን ተገኘ?» የሚል አድማጭ ይኖራል። የተገኘው ይኼ ነው፤ በ2019 የተሰረቀ ነው የተባለው ድምፅ በ2025 በትክክል ተቆጠረ። መልካም አስተዳደር ሁልጊዜ የምንወደውን ሰው አያመጣልንም፤ የማንወደውን ግን በካርድ ለማውረድ ዕድል ይሰጠናል።

(አጭር ሙዚቃ)

ወደ ማጠቃለያችን እንምጣ። በጥር 2007 እዚሁ አዲስ አበባ ላይ የአፍሪካ ኅብረት የዲሞክራሲ፣ የምርጫና የአስተዳደር ቻርተር የሚባለውን ሰነድ አጽድቋል። ሰነዱ መፈንቅለ መንግሥትን ብቻ አይደለም የሚያወግዘው፤ ሥልጣንን ለማራዘም ሲባል ሕገ መንግሥትን መቆራረጥንም ሕገ ወጥ የመንግሥት ለውጥ ብሎ ይፈርጃል። ቻርተሩ ከወጣ በኋላም ግን ያንኑ ያደረጉ ሞልተዋል። ወረቀቱ ጥሩ ነው፤ ወረቀቱን የሚያስከብረው ግን በየቤቱ ያለ ሰው ነው።

ብዙ ጊዜ ስለ አፍሪካ ችግር ስናወራ «ደግ መሪ ይስጠን» ብለን እንጸልያለን። ጸሎቱ ክፋት የለውም። ዛሬ ያየናቸው ሦስት አገሮች ግን የሚሉን ሌላ ነው። የኡጋንዳ ወላጆች መልአክ አልተላከላቸውም፤ የተለጠፈ ወረቀት ነው ያገኙት። ቦትስዋና ሴሬትሴ ካማን የመሰለ ሰው አግኝታለች፤ ግን ሰውየው የቆሙት ሕዝቡ መናገር በለመደበት አጥር ውስጥ ነው። ማላዊም አምስት ዳኞች አሏት፤ ዳኞቹን ያጀገናቸው ግን ሬዲዮ ከፍቶ ያዳምጥ የነበረ ሚሊዮን ጆሮ ይመስለኛል። ደግ መሪ ብቻውን አገር አያቆምም፤ ደጉም ክፉውም እኩል የሚጠየቅበት ልማድ ነው የሚያቆማት።

ይህን ልማድ ከውጭ አናስመጣውም። በእድራችንም በእቁባችንም አለን። በገዳ ሥርዓት ሥልጣን በየስምንት ዓመቱ ከትውልድ ወደ ትውልድ ሲተላለፍ ኖሯል፤ መውረጃው ቀን ከመሾሚያው ቀን በፊት ይታወቃል። የጎደለን በሰፈር የምናውቀውን በአገር ደረጃ መድፈር ነው።

ስለዚህ የቤት ሥራ ልስጣችሁ። በዚህ ሳምንት ከሦስቱ አንዱን ሞክሩ። ልጃችሁ የሚማርበት ትምህርት ቤት ስንት ብር እንደተመደበለት የወላጅ ኮሚቴውን ጠይቁ። አላውቅም ካሏችሁ «ግድግዳ ላይ ለምን አይለጠፍም?» በሉ። በቀበሌያችሁ ስብሰባ ካለ ሂዱ፤ ሄዳችሁም አንድ ጥያቄ፣ አንድ ብቻ፣ ጠይቁ። የእድር፣ የማኅበር ወይም የቤተ ዘመድ ጉባኤ ሰብሳቢ የሆናችሁ ደግሞ ከራሳችሁ ጀምሩ፤ መዝገቡን ሳትጠየቁ ግለጡት፣ ጊዜያችሁ ሲያልቅም ማኅተሙን አስረክቡ።

ስለ ድንኳኑ የጠየቁት እማማ በሕይወት የሉም። ሲያርፉ ድንኳኑ የተተከለው በራሳቸው ደጅ ነበር፤ የታደሰው ጎኑ ወደ መንገዱ ዞሮ። ለቅሶ ልንደርስ ከሸራው ሥር ስንቀመጥ፣ ያ ጸሐፊ ጎኔ ነበር። ቀና ብሎ ስፌቱን አየና በቀስታ እንዲህ አለኝ፤ «ከዚያ እሁድ ወዲህ እኮ ደረሰኝ ሳልይዝ ስብሰባ ገብቼ አላውቅም።»

 

(የመዝጊያ ሙዚቃ ከፍ ይላል።)